የአባባ ቀዝቃዛ ዳቦና የተሰናዳው ገበታ

ዓርብ ጀንበር ሳትጠልቅ እኔ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ሰክቼ ድስቶቹን እደረድርበታለሁ። አባባ ደግሞ በዝግታ ወደ ማድ ቤት ይገቡና የእርሳቸውን ድርሻ አንሥተው ጠረጴዛው ዳር ያኖሩታል፤ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ፣ በጎድጓዳ ሳህን ትንሽ የምስር ወጥ። በማግሥቱ ቀትር ላይ እኔና ልጆቼ ትኩሱን ስንበላ እርሳቸው ቀዝቃዛውን ይበላሉ። ወደ እስራኤል ከመጣን ከአርባ ዓመት ወዲህ ይህን አንድ ሰንበት እንኳን ሲያጎድሉ አላየሁም።

ጎንደር ሳለን እኛ ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ሁላችንም እንዲሁ ነበርን። ዓርብ ከቀትር በኋላ ወንዝ ወርደን፣ ገላችንን ታጥበን፣ ነጭ ለብሰን፣ የምድጃው ፍም እስኪጠፋ ጠብቀን ሰንበትን እንቀበል ነበር። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 ላይ በሰንበት ቀን በቤታችሁ እሳት አታንድዱ የሚል ትእዛዝ አለ። ቄሶቻችን ይህን ያነበቡት በሰንበት በቤት ውስጥ እሳት አይኑር ብለው ነው፤ ከአባቶቻቸው የተቀበሉትም ይህንኑ ነው። እናቴ የጋገረችው የሰንበት ዳቦ በቄሱ እጅ ተባርኮ፣ ተቆርሶ ሲታደል ቀዝቃዛ ነበር። ለእኔ የሰንበት ጣዕም ማለት ያ ነው።

የ12 ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በምማርበት ትምህርት ቤት፣ አንድ መምህር የሰንበትን ሕግ ሊያስተምረን ወፍራም መጽሐፍ ገለጠ። የሰንበትን ምግብ ሙቀቱን ጠብቆ ማቆየት መልካም ትእዛዝ ነው፤ ለሰንበት ክብርና ደስታ ነውና። የሊቃውንትን ቃል ሳያምን በሰንበት ትኩስ መብላትን የሚከለክል ሰው ግን መናፍቅ እንዳይሆን ያሠጋል። ሲያነብልን ይህን ነበር የሚለው። እጄን አነሣሁና የእኔ አባት ቀዝቃዛ ነው የሚበሉት አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህሩ ቁጣ አልነበረውም፤ እንግዲያው አንቺ ተምረሽ አስተምሪያቸው አለኝ። ቁጣው ይሻለኝ ነበር።

ማታ ለአባባ ነገርኳቸው። ሸማ ለብሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ያን ቃል የጻፈው ሰው የማን ልጅ ነው?»

አላወቅሁም። መምህሩም የነገረን ነገር አልነበረም። መጽሐፉ እንዲህ ይላል ነው ያለን፤ መጽሐፍ ግን አባት የለውም ብሎ የሚያስብ ሰው በእኛ ቤት አልነበረም። ዛሬ በቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው። ያን መጽሐፍና ከእርሱ በፊት የነበሩትን በእጄ ይዤ ቅጠል በቅጠል ለመገልበጥ ዕድል አግኝቻለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ክርክር ከተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ ከታልሙድ ነው። የባቢሎኑ ታልሙድ ዛሬ በሚታተምበት መልኩ 2,711 ቅጠል አለው፤ ከዳር እስከ ዳር ክርክር ነው። አንዱ ሊቅ ያስራል፣ ሌላው ይፈታል፤ ሦስተኛው የአያቱን ቃል ይዞ ይመጣና ሁለቱንም ይጠይቃል። የሂሌል ቤትና የሻማይ ቤት የተባሉ ሁለት የሊቃውንት ወገኖች ለዓመታት ሲከራከሩ ኖረው ከሰማይ ድምፅ መጣ፤ ይህም ያም የሕያው እግዚአብሔር ቃል ነው አለ፣ ሕጉ ግን እንደ ሂሌል ቤት ይሁን አለ ተብሎ ተጽፏል። በጎንደር የክርስቲያን ሊቃውንት አንድም፣ አንድም እያሉ አንዱን ቃል በብዙ ፍች ሲተረጉሙ የሰማ ሰው የዚህን መጽሐፍ ጠባይ ለመረዳት አይቸገርም። ችግሩ ሌላ ነው። አንድ ነጋዴ ዕቃው ጠፍቶ ለፍርድ ሲመጣ፣ አንዲት ሴት ዓርብ ከሰዓት የገዛችው ሥጋ ይበላ እንደሆነ ስትጠይቅ፣ አንድም እያሉ ማደር አይቻልም። መልስ ያስፈልጋል።

መልሱን ይሰጡ የነበሩት የባቢሎን የትምህርት ቤቶች አለቆች ነበሩ። ከሰሜን አፍሪካም ከስፔንም ጥያቄ በደብዳቤ እየተላከ፣ ወራት ቆይቶ መልስ ይመለስ ነበር። በ11ኛው መቶ ዘመን እነዚያ ትምህርት ቤቶች ሲዳከሙ በምዕራብ ያሉት ማኅበረሰቦች ራሳቸውን መቻል ነበረባቸው። ይስሐቅ አልፋሲ በዚህ ጊዜ ነው የሚነሣው። በ1013 ዛሬ አልጄሪያ በሚባለው አገር ተወለደ፤ ለብዙ ዘመን በፌስ ከተማ አስተማረ። በ1088፣ በ75 ዓመቱ፣ ጠላቶች ከሰውት ወደ ስፔን ሸሸ፤ ሉሴና በተባለች ከተማ ሲያስተምር ኖሮ በ1103 ሞተ። ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ የታልሙድን ተራ ጠብቆ፣ ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ ወዲህ የማይሠራባቸውን ሕጎች ትቶ፣ ረጅሙን ክርክር ቆርጦ፣ ፍሬውን አስቀረ። ሰዎች ትንሹ ታልሙድ አሉት። ምን እንደ ቆረጠ ለማወቅ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘርግቼ አይቻለሁ። የሚያስደንቀው ከቆረጠው ይልቅ ያቆየው ነው፤ የተከራካሪዎቹን ስም አልሰረዘም።

ስማቸውን የሰረዘው ከእርሱ በኋላ የመጣው ነው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደውም እርሱን ነው።

ሙሴ ማይሞኒደስን በዕብራይስጥ ራምባም ይሉታል። የአባቱ መምህር የአልፋሲ ደቀ መዝሙር ነበር፤ ስለዚህ የትምህርቱ የዘር ሐረግ ቀጥ ብሎ ወደ ሉሴና ይወጣል። በ1138 ገደማ በኮርዶባ ተወለደ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ አልሞሃዶች የተባሉ ከሰሜን አፍሪካ የተነሡ ሙስሊም ገዢዎች ከተማዋን ያዙ፤ ሃይማኖታችሁን ለውጡ ወይም ውጡ የሚል ዘመን ሆነ። ቤተሰቡ በስፔን ተንከራተተ፣ ፌስ ገባ፣ በ1165 ወደ ኢየሩሳሌም ምድር ተሻገረ፣ በመጨረሻም በግብፅ፣ በፉስጣጥ ተቀመጠ። መጽሐፉን የጀመረው እዚያ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው፤ አሥር ዓመት ወሰደበት። ስሙን ሚሽኔ ቶራ አለው። 14 መጻሕፍት፣ በውስጣቸው 83 የሕግ ክፍሎች። የጸሎትን፣ የጋብቻን፣ የብድርን፣ የመሥዋዕትን፣ የነገሥታትን ሕግ ሁሉ ይዟል፤ አልፋሲ የተወውን የቤተ መቅደስ ሕግ እንኳን አልተወም። ሌሎች መጻሕፍቱን በዓረብኛ ጽፏል፤ ይህን ግን ማንም ሊያነበው በሚችል ንጹሕ ዕብራይስጥ ጻፈው።

በመግቢያው ላይ ያለው ሐሳብ ደፋር ነው። ሰው አስቀድሞ የተጻፈውን ኦሪት ያንብብ፣ ከዚያ ይህን ያንብብ፤ የቃሉን ሕግ፣ ማለትም ከተጻፈው ኦሪት ሌላ በአፍ የተላለፈውን ሕግ፣ ሁሉ ከዚህ ያውቃል፤ በሁለቱ መካከል ሌላ መጽሐፍ አያሻውም። ለምን እንደ ደፈረ ራሱ ይናገራል፦ መከራው በዝቷል፣ ጊዜው ጠቧል፣ የጥበበኞች ጥበብ ጠፍቷል። ይህን የሚለው በልጅነቱ ከተማው ሲዘጋበት ያየ ሰው ነው። መጽሐፍ ቤት ይቃጠላል፣ መምህር ይሞታል፣ ማኅበር በአንድ ሌሊት ይበተናል፤ አንድ ሰው በትከሻው ይዞት ሊሸሽ የሚችል መጽሐፍ ያስፈልጋል። ወላጆቼ በሱዳን በረሃ ሲያቋርጡ ይዘውት የወጡት ኦሪት አልነበረም፤ ኦሪቱ ከቄሱ ጋር ቀርቷል። ይዘውት የወጡት በልባቸው ያለውን ነው። ስለዚህ የራምባም ፍርሃት ይገባኛል።

በድሮው ካይሮ የቤን ዕዝራ ምኩራብ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም የተጻፈበት ወረቀት እንዳይጣል የሚከማችበት ክፍል ነበር። ከዚያ ከወጡት ቁርጥራጮች መካከል የሚሽኔ ቶራ ረቂቆች በራምባም በራሱ እጅ ተጽፈው ተገኝተዋል፤ ስለ ኪራይና ስለ ብድር የሚናገሩ ገጾች ናቸው። ምስላቸውን በኮምፒውተር ከፍቼ ለብዙ ሰዓት ተመልክቻለሁ። ጽሑፉ ፈጣንና የተጣደፈ ነው። መስመር ይጀምራል፣ ይሰርዛል፣ በላዩ ይጽፋል፣ እንደገና ይሰርዛል፤ በዳር ላይ ሌላ ቃል ይጨምራል። በታተመው መጽሐፍ ከሰማይ የወረደ የሚመስለው ያ ጽኑ ዐረፍተ ነገር፣ እዚያ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ሥራ ነው። በኦክስፎርድ ደግሞ ሌላ ሰው የገለበጠው ቅጂ አለ፤ በመጨረሻው ላይ ራምባም ከራሴ መጽሐፍ ጋር ተመሳክሮ ታርሟል፣ እኔ ሙሴ የማይሞን ልጅ ብሎ ፈርሞበታል። የማን ልጅ ነው ለሚለው ጥያቄ ይህን ያህል የቀና መልስ አላገኘሁም።

ወንድሙ ዳዊት የከበሩ ድንጋዮች ነጋዴ ነበር፤ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረውም እርሱ ነበር። በ1170ዎቹ በሕንድ ውቅያኖስ ሰጠመ። ራምባም አንድ ዓመት ያህል አልጋ ላይ ወድቆ ከረመ። ከዓመታት በኋላ በጻፈው ደብዳቤ የወንድሙን የእጅ ጽሑፍ ወይም ከመጻሕፍቱ አንዱን ባየ ቁጥር ልቡ እንደሚታወክ ይናገራል። ከዚያ ወዲያ በሐኪምነት ሥራ ሆነ ኑሮው። በ1199 ከዓረብኛ መጻሕፍቱ አንዱን ለተረጎመው ሰው በጻፈው ደብዳቤ ቀኑን ይዘረዝራል፦ ጠዋት ወደ ቤተ መንግሥት ወደ ካይሮ ይሄዳል፤ ከቀትር በኋላ ተርቦ ሲመለስ ደጁ በሕመምተኞች ተሞልቶ ይጠብቀዋል፤ እስኪ ትንሽ ልቅመስ ብሎ ይለምናቸዋል፤ በቀን የሚበላው አንድ ጊዜ ነው፤ ሲመሽ ከድካም የተነሣ ተጋድሞ ያክማል። እንዲህ ያለው ሰው ነው ስለ ምጽዋት ስምንት ደረጃዎችን የጻፈው። ከሁሉ ከፍ ያለው ደረጃ ለወደቀ ሰው ብድር ወይም ሥራ ሰጥቶ ወይም ሽርክና ገብቶ ዳግመኛ እጁን እንዳይዘረጋ ማድረግ ነው።

ከደብዳቤዎቹ ውስጥ ደጋግሜ የማነበው ግን ለአብድዩ የጻፈውን ነው። አብድዩ ከሌላ ሕዝብ መጥቶ የአይሁድን ሃይማኖት የተቀበለ ሰው ነበር። አባቶቼ እስራኤላውያን አይደሉምና በጸሎት አምላካችንና የአባቶቻችን አምላክ ማለት ይገባኛል ወይ ብሎ ጠየቀ። ራምባም በል፣ አንዳች አትቀንስ አለው። አብርሃም ለሚከተሉት ሁሉ አባት ነው፤ በአንተና በእኛ መካከል ልዩነት የለም አለው። እኛ ወደ እስራኤል በገባንበት ጊዜ የሃይማኖት ሥልጣን የያዙ ሰዎች አባባን ለማንኛውም ጥርጣሬ ብለው የመንጻት ውሃ ውስጥ እንዲጠልቁ ጠየቋቸው። አባባ እኔ ዓርብ ዓርብ ወንዝ ስወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ ብለው ተመለሱ። ያን ጊዜ ይህን ደብዳቤ አውቄው ቢሆን ኖሮ ይዤው እሄድ ነበር።

ይሁን እንጂ ራምባምን እየወደድኩት አልስማማበትም። ምንጩን አልጻፈም። ይህን ያለው እገሌ ነው፣ ያን ያለው እገሌ ነው ሳይል ሕጉን ብቻ አስቀመጠ። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፖስኪዬር ይኖር የነበረው አብርሃም የዳዊት ልጅ ይህን አይቶ በመጽሐፉ ዳር ላይ ተቃውሞውን ጻፈ። ከእርሱ በፊት የነበሩ ጸሐፊዎች ሁሉ ለቃላቸው ማስረጃ ያመጡ ነበር፣ ስሙንም ይጠሩ ነበር፤ ይህ ሰው ግን ያን መንገድ ትቷል አለ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የምንል ሰዎች ከአብርሃም ጋር እንቆማለን። አንድ ቦታ ላይ ራምባም ፈጣሪ አካል አለው የሚለውን ሰው ከመናፍቃን ይቆጥረዋል። አብርሃም ዳሩ ላይ ስለ ምን ይህን መናፍቅ ይለዋል፣ ከእርሱ የሚበልጡና የሚሻሉ በዚህ መንገድ ሄደው የለምን ብሎ ጻፈ። ይህ ማለት አብርሃም በአካል ያምናል ማለት አይደለም። መጽሐፍ በቀጥታ ያነበቡ ሰዎች ቢሳሳቱ እንኳን መናፍቅ አይባሉም ማለቱ ነው። ይህን ባነበብኩበት ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ስለ አባባ የሚናገር መሰለኝ።

ዛሬ የሚሽኔ ቶራ ኅትመት ሲከፈት ራምባም በመካከል፣ የአብርሃም ተቃውሞ በዳሩ፣ ምንጩን የሚፈልጉት ሌሎች ሊቃውንት በዙሪያው ይታያሉ። ሌላ መጽሐፍ አያሻም ያለው መጽሐፍ በመጻሕፍት ተከቧል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ ለአማርኛ አንባቢ ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ራምባም በፉስጣጥ የሞተው በ1204 ነው። ከአንድ ትውልድ በኋላ በዚያው በግብፅ ኢብን አል አሳል የተባለ የቅብጥ ክርስቲያን ሊቅ የቤተ ክርስቲያንንና የመንግሥትን ሕግ በዓረብኛ አሰባስቦ በ51 አንቀጽ አዘጋጀ። እርሱ ነው በኋላ ወደ ግእዝ ተመልሶ ለኢትዮጵያ ነገሥታት የፍርድ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥት። አንዱ ከሌላው ወሰደ አልልም። የጎንደር ዳኛ በእጁ ይዞ ይፈርድበት የነበረው መጽሐፍና የአይሁድ ትልቁ የሕግ መጽሐፍ የአንድ ምድር ልጆች መሆናቸውን ሳስብ ግን ደስ ይለኛል።

ከራምባም በኋላ ያለውን መቶ ዓመት በፍጥነት ላልፈው ነው። አሴር የይሒኤል ልጅ በ1303 ከጀርመን ሸሽቶ ስፔን ገባ፤ መምህሩ እስር ቤት ውስጥ ሞቶ ነበር። በቶሌዶ ዳኛ ሆነ። ታልሙድን ሳያውቅ ከራምባም መጽሐፍ ብቻ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል ብሎ አስጠነቀቀ፤ ክርክሩን መልሶ ወደ ሕጉ አስገባ። ልጁ ያዕቆብ አባቱን ከራምባም ጋር ያስታረቀ መጽሐፍ ጻፈ። ሥራው የሚሠራበትን ሕግ ብቻ በአራት ክፍል አስቀመጠ፦ የዕለት ጸሎትና በዓላት፣ የሚበላና የማይበላ፣ ጋብቻና ፍቺ፣ ገንዘብና ዳኝነት። ስሙን አራቱ ረድፎች አለው፤ በሊቀ ካህናቱ የደረት ልብስ ላይ ያሉት ድንጋዮች በአራት ረድፍ ነበሩና። ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ አልተለወጠም። እኔ በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ መጻሕፍት ሳስተካክል የምከተለው የያዕቆብን አራት ረድፍ ነው።

በመጋቢት 1492 ንጉሡና ንግሥቲቱ አይሁድ ሁሉ ከስፔን ይውጡ ብለው አወጁ፤ የተሰጣቸው ጊዜ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነበር። ዮሴፍ ካሮ የዚያን ጊዜ አራት ዓመቱ ነው። ቤተሰቡ በመጨረሻ በቱርኮች ግዛት መጠጊያ አገኘ። አድሪያኖፕል በምትባል ከተማ በ1522 ትልቁን ሥራውን ጀመረ። ለምን ጀመረው? ስደተኞቹ ከካስቲልም፣ ከአራጎንም፣ ከፖርቱጋልም፣ ከሲሲሊም በአንድ ከተማ ተሰብስበው ነበር፤ ሁሉም የየአገሩን ልማድ ይዞ መጥቷል። አንዱ ያጸደቀውን ሌላው ይጥላል። ካሮ በመግቢያው ላይ ኦሪት ሁለት ሳይሆን ቁጥር የሌለው ኦሪት ሆነ ብሎ አዘነ። እኛ በገባንበት የስደተኞች ማዕከል ውስጥ ከትግራይ የመጡትና ከጎንደር የመጡት ስለ በዓል ሲከራከሩ የሰማሁ ልጅ ነኝና፣ በዚያች ከተማ ምን ዓይነት ጩኸት እንደ ነበረ የማውቅ ይመስለኛል።

ያገኘው መፍትሔ የሽማግሌ ዳኝነት ነው። ሦስት ሊቃውንትን መረጠ፤ አልፋሲን፣ ራምባምንና አሴርን። ሁለቱ የተስማሙበት ሕግ ይሁን አለ። ከሦስቱ ሁለቱ የምዕራብ ሰዎች ስለ ነበሩ ሚዛኑ ወደ ስፔን ማዘንበሉ አልቀረም። ሃያ ዓመት ሠርቶ በገሊላ፣ በጸፋት ከተማ፣ በ1542 ጨረሰው። የያዕቆብን አራት ረድፍ ተከትሎ እያንዳንዱን ሕግ ከሥሩ አንሥቶ፣ የተናገረውን ሰው ሁሉ ስም ጠርቶ ያሳያል። ራምባም የደበቀውን ካሮ መለሰው። ይኸው ሰው ሌሊት ሌሊት በአንደበቱ የሚናገር የሰማይ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ድምፁ የነገረውን ጽፎ አስቀምጧል። ቀን ቀን ግን ስለ ድስትና ስለ ክዳን፣ ስለ ዋስና ስለ ምስክር በትዕግሥት ይጽፋል።

ከዚያ በ1563 አጭሩን አዘጋጀ፤ ሹልሓን አሩኽ፣ የተሰናዳ ገበታ ማለት ነው። ወጣት ተማሪዎች በወር አንድ ጊዜ እንዲወጡት በሠላሳ ክፍል ከፈለው። 1,705 ምዕራፎች አሉት፤ የመጀመሪያው ሰው በጠዋት እንደ አንበሳ በርትቶ ይነሣ ብሎ ይጀምራል። በ1565 በቬኒስ ታተመ። አሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ፣ በ1553፣ በዚያችው ቬኒስ አደባባይ ታልሙድ ተሰብስቦ ተቃጥሏል። ክርክሩ በተቃጠለበት ከተማ መልሱ በማተሚያ ቤት ተባዛ። እነዚህን ሁለት ዓመታት ጎን ለጎን ስጽፍ ሁልጊዜ እጄ ይዘገያል።

በክራኮው፣ በፖላንድ፣ ሙሴ ኢሰርለስ የተባለ ወጣት ሊቅ ተመሳሳይ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ የካሮ መጽሐፍ ሲደርሰው ቀድሞት እንደ ተሠራ አየ። አልጣለውም። በእኛ አገር ግን እንዲህ ነው የምናደርገው እያለ በየአንቀጹ ሥር ጨመረበት፤ ጭማሪውን የገበታ ልብስ አለው። ካሮ ገበታውን አቀረበ፣ እኔ ጨርቁን አነጥፋለሁ ማለቱ ነው። ሁለቱ ዛሬ በአንድ ገጽ ይታተማሉ። ካሮ በትልቁ አራት ማዕዘን ፊደል፣ ኢሰርለስ በትንሹ የተጠማዘዘ ፊደል። የሚገርመው ያ የተጠማዘዘው ፊደል ከስፔን አይሁድ የእጅ ጽሑፍ የመጣ መሆኑ ነው። የፖላንዱ ሰው ከቶሌዶ ልማድ የሚለየውን ሁሉ የሚናገረው በስፔን ፊደል ነው።

አሁን ወደዚያ መስመር ልመለስ። ከዓመታት በፊት፣ አንድ ቀን ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ መምህሩ የገለጠውን መጽሐፍ፣ የሹልሓን አሩኽን የመጀመሪያ ክፍል አውርጄ ምዕራፍ 257ን ፈለግሁ። መምህሩ ያነበበልን ቃል አለ። ነገር ግን በትልቁ ፊደል አይደለም። በትንሹ ነው። ዮሴፍ ካሮ አላለውም፤ ገበታው ላይ የለም፣ ጨርቁ ላይ ነው ያለው። የጻፈው ሙሴ ኢሰርለስ ነው፤ እርሱም ከራሱ አላመጣውም። ሥሩ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ዘራህያ የሚባል የጂሮና ሰው ነው። ዘራህያ በአልፋሲ መጽሐፍ ላይ ተቃውሞና ማብራሪያ ጽፏል፤ ቃሉ ከዚያ ነው። ቃሉ ከአልፋሲ ዳር ተነሥቶ ካሮ ዳር ላይ አረፈ።

የተጻፈበትም ምክንያት አለው። በዚያ ዘመን ቀራውያን የሚባሉ አይሁድ ነበሩ። የሊቃውንትን ቃል እናውቀዋለን፣ አንቀበለውም፣ የተጻፈው ኦሪት ብቻ ይበቃናል ይሉ ነበር፤ በሰንበት እሳት አያስነድዱም፣ ቀድሞ የነደደም አያቆዩም። ትኩስ ድስት በሰንበት ማቅረብ የዚያ ክርክር ምልክት ሆነ። ዘራህያ የሚያውቀው በአጠገቡ ያለውን ጠብ ነው። ከጣና ባሻገር በተራራ ላይ፣ የሊቃውንቱን ቃል ሳይንቁ፣ ከቶ ሳይሰሙት፣ ፍማቸውን አጥፍተው በጨለማ ሰንበትን የሚቀበሉ ሰዎች እንዳሉ አላወቀም።

ስለ እነርሱ የተናገረው ራምባም ነው፤ ስለ እኛ አስቦ ሳይሆን ስለ ካይሮ ቀራውያን ጎረቤቶቹ። የቃሉን ሕግ አውቆ የሚክደውን ሰው በጽኑ ይኮንናል። ወዲያው ግን ይመለስና፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አባቶቻቸው ባሳደጓቸው መንገድ የሄዱ ናቸውና በአሕዛብ መካከል ተማርኮ እንዳደገ ሕፃን ይቆጠራሉ፤ በሰላም ቃል ሊስቧቸው ይገባል ይላል።

ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ይህን ቃል ያነሣው ዳዊት ኢብን ዚምራ ነው። በስፔን ተወልዶ፣ በ1492 የ13 ዓመት ልጅ ሆኖ ተሰደደ፤ ለብዙ ዓመታት በግብፅ የአይሁድ አለቃ ሆኖ ኖረ፤ በራምባም መጽሐፍ ላይም ማብራሪያ ጽፏል። አንዲት ከኩሽ ምድር ተማርካ የመጣች ሴት ነገር ፊቱ ቀረበ። አንድ አይሁዳዊ ገዝቷት ልጅ ወልዳለታለች፤ ልጁ አድጎ ማግባት ይፈልጋል፤ ማን ናት የሚል ጥያቄ ተነሣ። ዳዊት በዚያ ምድር ስለሚደረገው የማያቋርጥ ጦርነት የሰማውን ጻፈ፤ እነዚህ ሰዎች ከዳን ነገድ የሆኑ እስራኤላውያን ናቸው አለ። የቃሉን ሕግ የሚያስተምራቸው ሊቅ ስላልነበራቸው የተጻፈውን ብቻ ያዙ፤ በአሕዛብ መካከል እንደ ተማረከ ሕፃን ናቸው አለ። የራምባም ቃል ነው፤ ከካይሮ ቀራውያን ወደ ጎንደር ተሻገረ። በ1973 የእስራኤል የሰፋራዲ አለቃ ራቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ሲፈርዱ የተደገፉት በዚሁ በዳዊት መልስ ነው። ያ ፍርድ ባይኖር አባባ ወደዚህ አገር አይገቡም ነበር።

ሕፃን መባሉን አልወደውም፤ ይህን ልደብቅ አልችልም። ቄሶቻችን ሕፃን አልነበሩም። ኦሪትን በግእዝ ሲያነቡ፣ የስግድን በዓል ወደ ተራራ ወጥተው ሲያከብሩ፣ ስለ ሰንበት የሚናገረውን ትእዛዘ ሰንበትን ለልጆቻቸው ሲያስተላልፉ የኖሩ ሊቃውንት ነበሩ። ሕጋቸው በምዕራፍ አልተከፈለም፤ የጠየቀ ሰው ወደ ቄሱ ይሄዳል። ቢሆንም የዳዊትን መልስ ሳነብ የቃሉን አቅጣጫ አያለሁ። በር ለመክፈት የተገኘ ቁልፍ ነበር፤ ከፈተውም።

ባለፈው ወር ዓርብ ማታ ይህን ሁሉ ለአባባ ነገርኳቸው። ለመናገር ይህን ያህል ዓመት መቆየቴ ያሳፍረኛል። ማሞቂያው ላይ ድስቶቹ ተደርድረዋል፣ የእርሳቸው ዳቦ ጠረጴዛው ዳር ነው። ስለ ዳዊት ስነግራቸው የ13 ዓመት ልጅ ሆኖ ከአገሩ ወጣ ወይ ብለው ጠየቁ፤ እናትና አባቱስ ተከትለውት ነበር ወይ አሉ። ስለ ሕፃኑ ስነግራቸው ምንም አላሉም። ከዚያ ስለዚያ መስመር ነገርኳቸው። በትንሹ ፊደል እንደ ተጻፈ፣ የክራኮው ሙሴ ከጂሮናው ዘራህያ እንደ ወሰደው ነገርኳቸው።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«የይስሐቅ። ሌዋዊ ነው።»

«የይስሐቅ ልጅ፣ ሌዋዊ» አሉ ለራሳቸው፤ ስሙን ለማስታወስ እንደሚፈልግ ሰው ደገሙት። በማግሥቱ ቀትር ላይ ጨርቁን ገልጠው፣ ዳቦውን ባርከው ቆረሱና የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእኔ አቀበሉኝ። ቀዝቃዛ ነበር።